አያ ጎርጉሬ ያልመሰከረለት ፌስታል

ማክሰኞ ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በስቱዲዮ ቁጥር ሁለት፣ ዘጠኝ ትልልቅ ሰዎች ቆመው እየሰሙ፣ የማስታወቂያ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ እንዲህ አለኝ፦

«ስማ! አንተ ጓንት ውስጥ የገባህ እጅ ነህ። እጅ ደግሞ አያስብም።»

ሰዓቱን በትክክል የማውቀው፣ ሰው ሲሰድበኝ ቀና ብዬ ሰዓት የማየት ልማድ ስላለኝ ነው። ስድብ ያለ ሰዓቱ ቶሎ ይጠፋል፤ ከነሰዓቱ የያዙት ግን ዕድሜ ልክ ይቆያል። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪያችን «አንተ ከሰሌዳው ይልቅ ለመጥረጊያው ትቀርባለህ» ያለኝ ሐሙስ ቀን፣ የዕረፍት ደወል ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ነው። በዓመቱ ትምህርቱን ተውኩት። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ፕሮግራማችን ሲሸለም፣ አዳራሹ በር ላይ «ዕቃ ተሸካሚ በጓሮ ነው» ብሎ የመለሰኝ ጥበቃ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው የመለሰኝ። ሟች ባለቤቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያለች ትተርትብኝ ነበር። እውነቷን ነው። እኔም ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ ሲገባኝ ጸሎቱን ተውኩት።

ይህን ሥራ አስኪያጅ እኔ ሽቶ ነው የምለው። እሱ ከመድረሱ በፊት ሽቶው ይደርሳል፤ እሱ ከሄደም በኋላ ሽቶው ተቀምጦ ይቆያል። ዕድሜው ከልጄ ዕድሜ አይበልጥም። ይነሣልኝ፣ ይጎንበስልኝ አላልኩም። ግን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሰው «ስማ» ሲባል ጆሮው ይግላል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

አያ ጎርጉሬ ፍልፈል ነው። የጨርቅ ፍልፈል፤ እጅ ውስጥ የሚገባ አሻንጉሊት። የሠራሁት እኔ ነኝ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ከሃያ አንድ ዓመት በፊት የቀጠረኝ በአናጢነት ነበር፣ ለልጆች ፕሮግራም ጠረጴዛና የውሸት ቤት እንድሠራ። ከሱቅ የገዙት ጥንቸል ሊቀረፅ አንድ ቀን ሲቀረው ከአንገቱ ተቀደደ። ሁሉም ራሱን ያዘ። እኔ ቤት ሄጄ ከባለቤቴ አሮጌ ቡናማ ካፖርት አንዱን እጅጌ ቆረጥኩ፣ ሁለት የማይመሳሰሉ ቁልፎች ዓይን አደረግኩለት፣ ከቀበቶ ቆዳ ጥፍር አወጣሁለት። በማግስቱ ይዤው ስመጣ ደግሞ ሊያጫውተው የተቀጠረው ተዋናይ አልመጣም። «እስቲ አንተ ለዛሬ እጅህን አግባ» አሉኝ። ለዛሬ ያሉት ሃያ አንድ ዓመት ሆነ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠረጴዛ ሥር በጀርባዬ እተኛለሁ። ቀኝ እጄ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሕፃናቱ የሚያዩት ጎርጉሬን ብቻ ነው። ድምፁም የኔ ነው። ያኔ ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ድምፄ ጎርነን፣ ነፈነፍ ያለ ነበር፤ ያው ድምፅ ተወዶ ቀረና እስከ ዛሬ ጤነኛ አፍንጫዬን እያፈንኩ እናገራለሁ። የመጀመሪያው ቀን የፕሮግራሙ ደራሲ፣ ደራሲዋ ነው የምንላት፣ ካሜራው ፊት ሆና ጎርጉሬን ጠየቀችው፦ «አያ ጎርጉሬ፣ ይህ ዘር ይበቅላል ትላለህ?» መልሱ ወረቀት ላይ ተጽፎልኝ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ግን ጨለማ ነው፤ ማንበብ አልቻልኩም። ሲጨንቀኝ «ሳላይ አላምንም!» አልኩ። ሕፃናቱ በሳቅ ፈረሱ። ዓይኑ የማያይ ፍልፈል «ሳላይ አላምንም» ሲል እንዴት አያስቅ!

ያች አነጋገር የፕሮግራሙ መጠሪያ ሆነች። በኋላ መጽሐፍ ሲታተም ደራሲዋ የሷ አድርጋ ጻፈቻት። ሆድ ይፍጀው። በፕሮግራሙ መጨረሻ ስሞች ሲወርዱ የኔ «የመድረክ ዕቃ» ከሚለው ሥር ነው፣ በደቃቁ።

ከዚያች አነጋገር አንድ ልማድ ወጣ። ሕፃናቱ የፈለጉትን ያመጣሉ፤ የሙዝ ልጣጭ፣ ቁልፍ፣ ካልሲ፣ ሚስማር፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም የወለቀ ጥርስ። ፊቱ መስታወት በሆነ ሣጥን ውስጥ፣ አፈር ውስጥ እንቀብረዋለን። እኔ ቀኑን በጠመኔ ሣጥኑ ላይ እጽፋለሁ። በአርባኛው ቀን ጎርጉሬ «አርባ ቀን ሞላው!» ይላል፣ ሕፃናቱ «ቆፍር! ቆፍር!» እያሉ ይጮኻሉ፣ ይቆፈራል፣ የወጣው ይታያል። ሣጥኖቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ከስቱዲዮው ጀርባ ደርድሬ አፈራቸውን የማረጥበው፣ የምጠብቀው እኔ ነኝ። አንድም ቀን አጭበርብሬ አላውቅም። አንድ ጊዜ የሙዝ ልጣጭ ሳይበሰብስ ወጣ። አፈሩ ደርቆ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የጣቢያው ኃላፊ «በሌላ ቀይሩትና እንቅረፅ» ሲል ደራሲዋ እምቢ አለች፣ ለዚህ አመሰግናታለሁ። ጎርጉሬ ለሕፃናቱ «ውኃ ማጠጣት ረስቼ ነው፤ ተሳስቻለሁ» ብሎ ተናገረ፣ እንዳለ ተላለፈ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጆች ለጎርጉሬ ያላቸው እምነት ሌላ ሆነ። እናታቸው «እጅህን ታጠብ» ስትል «ጎርጉሬ ብሏል ወይ?» የሚል ልጅ አውቃለሁ።

እንግዲህ ሽቶ የመጣው ይህንን እምነት አሽትቶ ነው።

ፌስታል የሚያመርት ፋብሪካ አለ። ሰው በፌስታል መማረር ሲጀምር፣ ፋብሪካው ያንኑ ፌስታል አረንጓዴ ቀባው፣ ቅጠል ሣለበት፣ «የአፈር ወዳጅ» ብሎ ሰየመው። ቀጥሎ ሽቶን ቀጠረ፣ ሽቶ ደግሞ ጣቢያውን ጠይቆ ጎርጉሬን ለሦስት ወር ተከራየው። እንደ ሠርግ ወንበር! እኔን የጠየቀኝ የለም። ሽቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ አንድ እስር ፌስታል ናሙና ይዞ ነበር። ሁሉም አንዳንድ ወሰደ፣ እኔም አንድ ወሰድኩ። ሣጥን ሰባት ባዶ ነበር። ፌስታሉን ቀበርኩት፤ አጠገቡ የሙዝ ልጣጭና ቁራጭ ጋዜጣ ቀበርኩ፤ ቀኑን ጻፍኩ። ተንኮል አልነበረኝም። አናጢ እንጨት ሲያይ ጥፍሩን እንደሚያሳርፍበት ነው፤ ልማድ።

ቀረፃው ሳይደርስ ሥዕሉ ቀደመ። በየመንገዱ ትልልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ። ጎርጉሬ ፌስታሉን አቅፎ ይስቃል፤ ከጎኑ «ቅበሩት፣ አፈር ይሆናል!» የሚል ተጽፏል። ፌስታሉም ላይ እሱው ታተመ። ልጆች እናቶቻቸውን «የጎርጉሬን ካልሆነ» እያሉ ሱቅ በር ላይ ይንፈራፈሩ ጀመር።

ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ነው የምታስተምረው። አብረን ነው የምንኖረው። አንድ ማታ ራት ላይ ሳቅ እያፈናት እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ ያንተ ፍልፈል ካሮቴን ጨረሰው።»

«ምን አደረገ?»

«ልጆቹ አትክልት መደባችንን ፌስታል ቀብረውበታል። ሃያ ሦስት አወጣሁ፤ ስንት እንደቀረ እኔ እንጃ። ውኃው አልወርድ ብሎ ካሮቱ በስብሷል። ስቆጣቸው ‹አያ ጎርጉሬ ነው ያዘዘን› አሉኝ። ምን ልበል? የሱን ትእዛዝ ማን ይሽራል?»

«አላሳቀኝም» አልኳት።

«ተው እንጂ አባዬ! ሰው ከፌስታል ጋር አይኮራረፍም። ደግሞ ብትል ባትል ሌላ ሰው ይሠራዋል።»

በማግስቱ ጠዋት ሄጄ አየሁ። መደቡ ዳር አንድ አራት ዓመት የማይሞላው ልጅ ቁጢጥ ብሎ በአሮጌ ጣሳ ውኃ ያጠጣል። ካሮት መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ከአፈሩ ውስጥ የፌስታል ጆሮ ብቅ ብሏል።

«ምን እያጠጣህ ነው?» አልኩት።

«ፌስታሌን። ባለፈው ጎርጉሬ ውኃ ረስቶ ነው ያልበሰበሰለት። እኔ አልረሳም።»

ያ ፕሮግራም ከተላለፈ ስንት ዓመቱ ነው! በድጋሚ አይቶት መሆን አለበት። ጎርጉሬ እኔ መሆኔን አያውቅም፤ ለሱ አንድ ተራ ሽማግሌ ነኝ። ቀና ብሎም አላየኝ። ጣሳውን አዘንብሎ የመጨረሻዋን ጠብታ አንጠፈጠፈና እንደገና ሊሞላ ሄደ።

ሰኞ ዕለት ሣጥን ሰባትን አወጣሁ። አርባ ሰባት ቀን ሆኖታል። ደራሲዋን ጠራኋትና ፊቷ ቆፈርኩት። የሙዙ ልጣጭ የለም፤ ጥቁር ክር ብቻ ቀርቷል። ጋዜጣው ሲነኩት ተፈረፈረ። ፌስታሉ እንደነበረ ነው። ቧንቧ ሥር አጠብኩት፣ ውኃ ሞላሁት፣ አንጠልጥዬ ያዝኩት። ጠብ አላለም። ጎርጉሬም ላዩ ላይ እየሳቀ ነው።

«ጉድ ነው» አለች ደራሲዋ። «ነገ ጠዋት እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። አንተ ዝም በል፤ አንተ ስትናገር ጠብ ይመስላል።»

እሺ አልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ተሰበሰበ። የጣቢያው ኃላፊ አለ፤ ይህ ኃላፊ የዛሬ ሃያ ዓመት ኬብል እየጎተተ ሲገባ ምስማር አቀብለኝ ስለው የሚሮጥ ልጅ ነበር። ከፋብሪካው የመጣ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ሽቶ ወዲያ ወዲህ ይላል። አሥራ አንድ ሕፃናት ውጭ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ደራሲዋን አየኋት። ወረቀቷን እያየች ነው። ቆይቼ ደግሜ አየኋት። አሁንም ወረቀቷን እያየች ነው። ወረቀቱ ደግሞ አንድ ገጽ ብቻ ነው።

ስለዚህ እኔ ተናገርኩ። ፌስታሉን ከኪሴ አውጥቼ፣ ረጋ ብዬ፣ እንደ ባለሙያ ነው የተናገርኩት። «ይህ አርባ ሰባት ቀን አፈር ውስጥ ሰንብቷል። አፈር አልሆነም። ጎርጉሬ ‹አፈር ሆነ› የምትለዋን ባይላት፣ ሌላውን እንዳለ እሠራለሁ» አልኩ።

ሽቶ ፌስታሉን በሁለት ጣት ያዘው። «እንዲህ ሜዳ ላይ አይደለም እኮ የሚበሰብሰው! በልዩ ሙቀት፣ በልዩ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ይህ የሳይንስ ጉዳይ ነው።»

«ፋብሪካው የት ነው?»

«ምን?»

«የሚያበሰብሰው ፋብሪካ። ልጆቹ የት ይውሰዱት?»

ሽቶ ወደ ፋብሪካው ሰውዬ ዞረ። ሰውዬው ስልኩን ማየት ጀመረ። «እዚህ ገና አልተሠራም» አለ ሽቶ።

«ታዲያ ሰሌዳው ላይ ‹ቅበሩት› ለምን ተባለ?»

ካሜራማኑ ሳል መሰል ሳቅ ሳቀ። ያች ሳቅ ናት ሽቶን ያስቆጣችው። ያኔ ነው ያንን ያለኝ፣ የእጁንና የጓንቱን። ዘጠኝ ሰው ቆሞ ሰማ። ኃላፊው ጫማውን አየ። ደራሲዋ ያንኑ ገጽ ገለጠች፤ ጀርባው ባዶ ነው።

ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ለምን አልወጣህም ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ቅዱስ አይደለሁም። ያ ሰው ወንበር ስቦ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ያለ እርስዎ አይሆንልንም» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ፣ ያችን ነገር ብያት ነበር ይሆናል። ጥሩ አድርጌም እላት ነበር። ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ የሚለኝ ሰው ስጠብቅ ነው የኖርኩት። የተሰደብኩት ስድብ ነው ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ። ይህም ሆኖ ከጎርጉሬ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም፤ መዶሻ ካነሣሁ ዘመን አልፎኛል። እምቢ ካልኩ በማግስቱ አንድ ከቲያትር ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት እዚህ ይተኛል። እና ተኛሁ። እጄን አገባሁ።

ቀረፃው ሁለት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያው ፌስታሉ ይቀበራል። በሁለተኛው አርባ ቀን ያለፈ ይመስል አፈሩ ላይ አበባ በቅሎ ይታያል። የኔን ሣጥኖች «ቆሻሻ ናቸው፣ ለካሜራ አይሆኑም» ብለው የራሳቸውን አስመጥተዋል። ሁለት ማምጣት ሲገባቸው አንድ ብቻ አመጡ። ሽቶ ረዳቱ ላይ ጮኸ፤ ረዳቱ «ችግር የለም፣ በዕረፍቱ ሰዓት ፌስታሉን አውጥቼ አበባ እተክላለሁ» አለ።

የመጀመሪያው ክፍል እንደ ቅቤ ገባ። ሕፃናቱ ገቡ፣ ጎርጉሬን ሲያዩ ጮኹ። ጎርጉሬ አስነጠሰ፣ አፈር ጆሮው ውስጥ ገባ፣ አንዷ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ በጣቷ አወጣችለት። ፌስታሉ ተቀበረ። ሕፃናቱ ጭማቂ ሊጠጡ ወጡ። ረዳቱ እየሮጠ መጣ፣ ስልኩ ጮኸ፣ በትከሻውና በጆሮው መሐል ስልክ እንደያዘ አበባዋን ከማሰሮዋ ነቅሎ ላዩ ላይ ተከላት፣ አፈሩን ደለደለ፣ ሄደ። ፌስታሉን አላወጣም። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ በጨርቁ ክፍተት፣ በመስታወቱ ታችኛ ጥግ አየሁት፤ አረንጓዴ ጫፉ ከአበባዋ ሥር ጋር ተጠላልፏል። ከኔ በቀር ያየ የለም። ልናገር እችል ነበር። ግን እጅ አያስብም ተብሏል።

ሕፃናቱ ተመለሱ። ካሜራው ተነሣ። የጎርጉሬ ንግግር «አርባ ቀን ሞላው! ፌስታሉ አፈር ሆነ፣ አበባም አበቀለ!» የሚል ነው። እኔ የመጀመሪያዋን አልኳት።

«አርባ ቀን ሞላው!»

ሁለተኛዋ ከአፌ ሳትወጣ አሥራ አንዱም በአንድ ድምፅ «ቆፍር! ቆፍር! ቆፍር!» አሉ። እግራቸውን እየመቱ። ይህን ማንም አላዘዛቸውም። ለዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ያሉትን ነው ያሉት።

«አቁሙ!» አለ ሽቶ። መሐላቸው ገብቶ ቁጢጥ አለ። «የኔ ቆንጆዎች፣ ዛሬ አይቆፈርም። ዛሬ አበባዋን አይተን ‹ዋው!› ነው የምንለው። እሺ?»

ሕፃናቱ እርስ በርስ ተያዩ። ጥርሷ የወለቀው ልጅ «ካልቆፈረ ጎርጉሬ አይደለማ» አለች። «የውሸት ጎርጉሬ ነው።»

«የውሸት! የውሸት!» አሉ ሁለት ሦስቱ።

ሽቶ ወደ ካሜራማኑ ዞረና ፊቱ በራ። አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ሽቶ ሐሳብ ሲመጣለት ያስታውቃል። «እንዲያውም ጥሩ ነው! ይቆፍሩ። አፈር ነው የሚያገኙት፤ ልጅ በእጁ ጥቁር አፈር ሲዝቅ፣ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል? ካሜራ እንዳይቆም! ቆፍሪ የኔ ልዕልት፣ ቆፍሪ!»

ረዳቱ ከበሩ ጋ ሆኖ እጁን አውለበለበ፤ ያየው የለም።

ልጅቷ አበባዋን በጥንቃቄ ይዛ ሳበች። አበባዋ መጣች፣ ከአበባዋ ሥር ፌስታሉ እየተንጠለጠለ መጣ። አፈሩ ከላዩ ረገፈ። ሲያበራ ብታዩት! ከሱቅ እንደወጣ። ጎርጉሬ እላዩ ላይ ይስቃል።

ልጅቷ መጀመሪያ በፌስታሉ ላይ ያለውን ጎርጉሬ፣ ቀጥላ እጄ ላይ ያለውን ጎርጉሬ አየች።

«አያ ጎርጉሬ» አለች፣ «አፈር አልሆነም እኮ።»

አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ «ሰሌዳው ላይ ግን ይሆናል ብለሃል» አለ። በቁጣ አላለም። አባቱን እንደሚጠይቅ ልጅ ነው ያለው፤ ምክንያት ይኖርሃል፣ ንገረኝ በሚል ዓይነት።

የጠረጴዛው ጨርቅ ተገለጠና ሽቶው ገባ፣ ከሽቶው ኋላ ሽቶ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ሥር ራሱን ዝቅ አድርጎ የገባ አለቃ አላየሁም። በጉልበቱ ነው የገባው፣ በዚያ ሱሪ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

«ጋሼ» አለኝ በሹክሹክታ። «ጋሼ፣ በሞቴ! ቅድም ተናድጄ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ‹ገና ተኝቷል፣ ትንሽ ቆይቶ አፈር ይሆናል› ይበሏቸው። እርስዎን ብቻ ነው የሚያምኑት። ያለ እርስዎ አይሆንልንም።»

እነሆ! ጋሼም መጣ፣ እርስዎም መጣ፣ ይቅርታውም መጣ። ቃል በቃል ስጠብቀው የኖርኩት ነገር፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጠረጴዛ ሥር ድረስ መጣልኝ። አልዋሽም፣ ጣፈጠኝ። ጥቂት ጊዜ ዓይን ዓይኑን እያየሁ አጣጣምኩት። እጄም ላይ ጎርጉሬ ዝም ብሎ ቆሟል፤ ከላይ የአሥራ አንድ ሕፃናት ትንፋሽ ይሰማኛል። «ገና ተኝቷል» ብላቸው ይቀበሉኛል። ሙሉ በሙሉ። ሄደው ውኃ ያጠጡታል።

ያ ልጅ ጣሳውን ሲያንጠፈጥፍ ታየኝ። ሽቶ የለመነኝ እኔን አይደለም፤ ያንን ልጅ እንድሰጠው ነው የለመነኝ። በ«አንተ» ቢጠይቀኝም በ«እርስዎ» ቢጠይቀኝም ነገሩ አንድ ነው። ይህን ለማወቅ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ፤ ያም ቢሆን ቶሎ ነው ከማያውቁት አንፃር።

አፍንጫዬን አፈንኩ። ጎርጉሬ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ ሣጥኑ ዘንበል አለ፣ ፌስታሉን በጥፍሩ ነካ አደረገው።

«ልጆች» አለ፣ «ተሳስቻለሁ።»

«ምን?» አለች ጥርሷ የወለቀው።

«ሳላይ ነው የተናገርኩት። ሰሌዳው ላይ ያለው ልክ አይደለም። ይህ ፌስታል አፈር አይሆንም። እኔ ራሴ አርባ ሰባት ቀን ቀብሬ አይቼዋለሁ፤ ታጥቦ ውኃ ይይዛል። የቀበራችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ አውጡ። ውኃም አታጠጡት።»

«አቁሙ! ካሜራ አቁሙ!» ሽቶ ቀና ሲል አናቱ ከጠረጴዛው ጋር ተላጋ። ካሜራማኑ ግን ጆሮው ያልሰማ መሰለ። ሕፃናቱ ደግሞ እኔ እንደፈራሁት አላለቀሱም፣ አልከፋቸውምም። ነገሩን ሰሙ፣ ተቀበሉ፣ አለቀ። ትንሹ ልጅ ጣቱን እየቆጠረ «እኔ ሦስት ቀብሬያለሁ» አለ። ሌላዋ «እኔ አምስት፤ አንዱ የአያቴ አበባ ውስጥ ነው» አለች። ጥርሷ የወለቀችው ልጅ አበባዋን ከነሥሯ እንደያዘች «ይህችስ?» አለች።

«እሷን መልሰሽ ትከያት» አለ ጎርጉሬ። «ፌስታሉን አውጥተሽ። ቶሎ፣ ሥሯ ሳይደርቅ።»

አሥራ አንዱም ሣጥኑ ላይ ወደቁ። አፈር በየቦታው ተረጨ። ዝምተኛው የፋብሪካ ሰውዬ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ተነሣ፣ ለማንም ሳይናገር ወጣ።

ጎርጉሬን ቀስ አድርጌ ዝቅ አደረግኩት። ሕፃናት እሱን ከኔ ጋር አይተው አያውቁም፤ ዛሬም አላሳየኋቸውም። ከእጄ አወለቅኩት፣ በማደሪያ ሣጥኑ ውስጥ በጀርባው አስተኛሁት፣ ክዳኑን ዘጋሁ። የጣቢያው ንብረት ነው ተብሎ በወረቀት ተጽፏል፤ ይሁን። ሌላ እጅ ያግቡበት። የትኛውም እጅ ቢገባበት ልጆቹ የሚጠይቁትን ያውቃሉ።

በኋላ በኩል ወጣሁና ጃኬቴን ከመስቀያው አወረድኩ። ሽቶ ራሱን እያሻሸ ደረሰብኝ። እርስዎው ቀርቷል።

«አንተ ማን ስለሆንክ ነው?» አለኝ። «እስቲ ንገረኝ! ማን ነኝ ብለህ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አላጣሁም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በጀርባዬ ተኝቼ ያዘጋጀሁት መልስ አለኝ፤ ከነቁጥሩ፣ ከነማስረጃው። የጃኬቴን ቁልፍ እስከ አንገቴ ዘጋሁ። ደራሲዋ አጠገቡ ቆማለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ወረቀቷን አጣጥፋ አጣጥፋ ጥፍር አሳክላዋለች። «እኔ ነበርኩ መናገር የነበረብኝ» አለች። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩላትና አለፍኳት።

ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ ተከተለኝ። ድሮ ምስማር ሲያቀብለኝ እንደሚሮጠው ነው የሚሮጠው።

«ጋሼ! ጋሼ ቆይ እንጂ፣ በናትህ! ቅዳሜ ፕሮግራም አለ። ሣጥን አራት ቅዳሜ ነው የሚቆፈረው። ትመጣለህ አይደል? ጋሼ? ቢያንስ ትመጣለህ አትመጣም በለኝ!»

ከስቱዲዮው የሕፃናቱ ጫጫታ ይሰማል፤ አበባዋ በየት በኩል ትተከል ብለው እየተጨቃጨቁ ነው። ደረጃውን ወረድኩ። የመውጫውን በር በትከሻዬ ገፋሁትና ወጣሁ።